የ1960 ቮልስ በግቢ ማደስ፦ ወለሉ በስብሷል፣ ከየት ልጀምር?

ፒያሳ_ታች፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጎንደር ነው ያለሁት። አንድ ቮልስ 1300 ግቢ ውስጥ ላድስ ተነሥቻለሁና ሥራውን ከማበላሸቴ በፊት የሚያውቅ ይምከረኝ።

የመኪናዋ ሁኔታ ይህን ይመስላል። ሊብሬው 1960 ይላል። የሻንሲ ቁጥሯ በ118 ይጀምራል፤ የሞተሩ ቁጥር ፊት ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል አለ። 9 ዓመት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል እጅ ያሳልፋል። በሁለቱም በሮች ሥር የሚሄደው ሳጥን፣ የማሞቂያው አየር የሚያልፍበት ማለቴ ነው፣ በካቻቢቴ ሲነካ ይፈረፈራል። የግራው በር ከፍ ካልተደረገ አይዘጋም። ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ አስነሥቼ ግን አልሞከርኩም። የፍሬን ፔዳሉ እስከ ታች ይወርዳል። ፓራፋንጎዎቹ (የጎማ መሸፈኛዎቹ) ላይ ማግኔት የማይይዝ ብዙ ቦታ አለ፤ ስቱኮ (የላሜራ መሙያ) ነው።

ያለኝ 4 በ6 ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ወለል ያለው ቤት ነው፤ ከመኪና ሥር የሚሠሩበት ጉድጓድ የለውም። የኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ ባለ 50 ሊትር ኮምፕረሰር፣ አንድ ማንሻ ክሪክና 2 ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ እግር) አለኝ።

ቦዲውን ከሻንሲው ላንሣው ወይስ እንዳለ ወለሉን ልቀይር? የሰፈሩ ላሜራ ሠሪ «ከላይ ላሜራ ደርበን በስቱኮ እንዘጋዋለን፣ ቀለሙን አሁኑኑ ቀባው» ይላል። ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ደግሞ «የ1960 ሞዴል 6 ቮልት ነው» ብለው ባለ 6 ቮልት ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ሊጭኑልኝ ነው። ሞተሩንስ ለጎንደር ከፍታ ምን ላድርገው? ለጥምቀት ባደርሳት ደስ ይለኛል፤ አሁን ነሐሴ መጨረሻ ነው።

ሬቲፊካ፦
ሞተሪኖውን እንዳይጭኑ አሁኑኑ ደውልላቸው። ሊብሬህ ላይ ያለው 1960 በእኛ አቆጣጠር ነው።

ቮልስዋገን ከ1965 ሞዴል ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆች ከኦገስት 1964 ወዲህ ባወጣቸው ላይ፣ የሻንሲው ቁጥር ሦስተኛ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። 11 የመኪናዋ ዓይነት ነው፤ 8 ደግሞ 1968 ማለት ነው። የ1968 ሞዴል የተሠራው ከኦገስት 1967 እስከ ጁላይ 1968 ነው፤ ወደ እኛ ስትመልሰው ከ1959 መጨረሻ እስከ 1960 መጨረሻ ይሆናል። ስለዚህ ሊብሬውም ሻንሲውም አልዋሹም። የተሳሳተው ዕቃ ሻጩ ነው፤ 1960ን በፈረንጅ አንብቦታል። ይህ ስሕተት በቮልስ ላይ ብዙ ገንዘብ ያስበላል። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት በቮልስ ተወሰዱ ሲባል የሰማ ፈረንጅም ነገሩ በእነሱ 1967 የሆነ ይመስለዋል፤ በእነሱ 1974 ነበር።

ዕቃ ስታዝ «የፈረንጅ 1968 ሞዴል፣ 1300፣ ባለ ኤፍ ሞተር» በል። ኤፍ የ1300 ሞተር ምልክት ነው፦ 1285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት። በዚህ ዓመት 1300ዎቹ 12 ቮልት ናቸው። ግን ከ50 ዓመት በላይ የቆየች መኪና ናትና በወረቀት ብቻ አትመን። ቦቢናው ላይ፣ ዲናሞው ላይና አምፖሎቹ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ። ሞተሩን ስታወርድ ደግሞ የቮላኖውን (ሞተሪኖው የሚያዞረውን ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ ቁጠር፦ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፣ የ6 ቮልቱ 109። ሁለቱ ሞተሪኖዎች ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ጥርሳቸው ግን አይናበብም። አስገድደህ ብታስገባው የቮላኖውን ጥርስ ይበላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መሐል በሚሄደው የብረት ቦይ፣ ጀርባ አጥንት በምንለው፣ ላይ ነው። ወለል ቆራጩ በግራይንደር እንዳይነካው በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው። ቁጥሩ ከጠፋ ከሊብሬው ጋር የሚያመሳክሩት ነገር አይኖርህም፤ ቦሎ ስታወጣ ጣጣ ነው።

ላሜራ_ማራኪ፦
ስለ ቀለሙ በመጀመሪያ፦ አትቀባ። ላሜራ ሠሪው የነገረህ መንገድ አንድ ክረምት አያልፍም። በዝገት ላይ የተደረበ ላሜራ መሐሉ ላይ ውኃ ይይዛል፣ ከውስጥ ይበላል። ከዚያ በላይ ግን በዚህች መኪና በበር ሥር ያለው ሳጥን ጌጥ አይደለም። ጀርባ አጥንቱና ሁለቱ ሳጥኖች ናቸው መኪናዋን ቀጥ አድርገው የያዟት። በስቱኮ የተዘጋ ሳጥን ማለት በሸንበቆ የተደገፈ ጣራ ማለት ነው።

የግራው በር ለምን እንደወረደ ሳታውቅ ምንም አትቁረጥ። በሩን ከፍተህ ጫፉን በእጅህ ወደ ላይ አንሣ። ማጠፊያው ላይ ቅጭልጭል ካለ ያለቀው የማጠፊያው ፒን ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ በሩ ሲነሣ የታሰረበት ምሰሶ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ሳጥኑ ለቋል፣ ቦዲው ተጣጥፏል ማለት ነው። ሁለተኛው ከሆነ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከወረዱ በኋላ ክሪኩን በእንጨት ላይ አድርገህ ከምሰሶው ሥር ቀስ እያልክ አንሣ፤ በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይም ከጎንም 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ እኩል ሲሆን አቁም።

ክፍተቱ ሲስተካከል 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ ቱቦ ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ በይድ፤ በእያንዳንዱ በር ሁለት ሁለት፣ አንዱ ከመስኮቱ መስመር በታች፣ አንዱ ከሳጥኑ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። አንድ ሌላ ቱቦ ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶ አግድም። ቱቦዎቹን ከበሩ መስመር 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገባቸው። ምክንያቱም ሥራው እስኪያልቅ በሩ መዘጋት መቻል አለበት፤ ከበሩ የተሻለ መለኪያ የለህም። ብየዳ በየጨረስክ ቁጥር ዝጋውና እይ።

ከዚያ አንድ ጎን ብቻ ትቆርጣለህ። ሁለቱን ሳጥን በአንድ ጊዜ የቆረጠ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሠራው መኪና ሳይሆን እንቆቅልሽ ነው። አዲሱ ሳጥን ወደ ምሰሶዎቹ ከመበየዱ በፊት በቡሎኖቹ ከሻንሲው ጋር ይታሰር፤ ሻንሲው ራሱ ቅርጽ ይሆንልሃል። ሳጥኑ አየር ላይ ከተበየደ በኋላ ሻንሲው ላይ ሲቀመጥ የቡሎኑ ቀዳዳ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሸሻል፤ ከዚያ ሰው ቀዳዳውን ማስፋት ይጀምራል፣ ነገሩም ያልቅለታል።

ለወለሉ 1 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ ውሰድ። የጣራ ቆርቆሮ አይሆንም፤ ይሳሳል፣ ዚንኩም ሲበየድ ጢሱ ይመርዛል። ተጭኖ የተሠራ የወለል ግማሽ ካገኘህ እሱን ግዛ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ወለል ጉብታዎች አሉት፣ ዝርግ ላሜራ ግን እንደ ከበሮ ይንጓጓል። ካላገኘህ ቢያንስ ሁለት ቦታ አግድም አሳጥፈው። አሮጌውን ከመቁረጥህ በፊት የመቀመጫው ሐዲድ ከጀርባ አጥንቱ ያለውን ርቀት፣ ፊቱንም ኋላውንም ለክተህ ጻፍ። ሐዲዱ ያለው ወለሉ ላይ ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር ከጠመመ መቀመጫው አይገባም፣ በደካማ ብየዳ ከተያዘ ደግሞ በግጭት ጊዜ ከነሹፌሩ ይነቀላል።

ጀርባ አጥንቱ ውስጥ የቤንዚን ቱቦ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመድ ያልፋሉ። ታንኩን አውርድ፣ ቱቦውን በአየር ንፋ፣ ከዚያ ብቻ እሳት ይቅረበው። ቤንዚን የነበረበትን ታንክ ራሱን ግን ባዶም ቢሆን አትበይድ።

ቦዲውን ማንሣትህ ላይ፦ አንሣው። በሁለቱ ጎን በ13 ቁልፍ የሚፈቱ ቡሎኖች፣ ከኋላ መቀመጫ ሥር ያሉት፣ ከቤንዚን ታንኩ ሥር ፊት አክስሉ ላይ 2 ትልልቅ፣ ከኋላ በሾክ አብሶርበሮቹ ማሰሪያ አጠገብ 2። መሪውን፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን፣ ከግራ ፊት ጎማ የሚነሣውን የፍጥነት ገመድና ሽቦዎቹን ከለያየህ 6 ሰው ያነሣዋል።

ቅዳሜ_ገበያ፦
ላሜራ_ማራኪ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን አልስማማም። ቤቱ 4 በ6 ነው። ቮልስ 4 ሜትር ርዝመት፣ 1.55 ሜትር ስፋት አላት። ቦዲውን አንሥቶ ሻንሲውን ጎኑ ሲያስቀምጠው 3 ሜትር ከ10 ስፋት ሄደ፤ የቀረችው 90 ሳንቲ ሜትር ናት። በእሷ ላይ ሰው ተጋድሞ ይበይዳል? ወይስ ቦዲው ክረምቱን ደጅ ሸራ ሥር ይውላል?

ቡሎኖቹን ሁሉ ፍታ፤ ቦዲውን ግን 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ አንሥተህ በአራት እንጨት ላይ አስቀምጠው። ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ የዛገ ቡሎን ካለ አታስገድደው፤ ዝገት ማላቀቂያ ረጭተህ ሌሊቱን አሳድረው። ያም ካልሆነ ራሱን በግራይንደር ቁረጠው፤ ብትጠመዝዘው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዳዶ (የቡሎኑ መያዣ) ተገንጥሎ አብሮ ይዞራል። 10 ሳንቲ ሜትር ለወለሉ ጠርዝ፣ ለማጽዳትና አዲሱን ጎማ ለማንጠፍ ይበቃል። በቦዲውና በሻንሲው መሐል የሚሄደውን ያን ጎማ አደራ አትርሳ፤ አሮጌው ላይ መልሰህ ካሰርከው አዲሱ ወለል በመጀመሪያው ዝናብ ገንዳ ይሆናል።

ላሜራ_ማራኪ፦
የቦታው ነገር እውነት ነው፤ አላሰላሁትም። 10 ሳንቲ ሜትሩ ይሁን። ግን ወለሉን ከላይ ብቻ አትበይደው፤ ከሥሩም የሚታሸግ ስፌት አለና መኪናዋን በካቫሌቶ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋት። 2 ካቫሌቶ አይበቃም፣ 4 ያስፈልግሃል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይገባም።

ፒያሳ_ታች፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሞተሪኖው ቆሟል። ሁለት ጥያቄ፦ በኤሌክትሮድ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሞከርኩ፣ ይበሳዋል። መብራትም በመሐል ይሄዳል። ደግሞ ሳጥኑን ውስጡን በምን ልቀባው?

ላሜራ_ማራኪ፦
በ2.5 ኤሌክትሮድ ከሆነ ይበሳል። 2 ሚሊ ሜትር ወይም ካገኘህ 1.6 ውሰድ፤ ከ40 እስከ 50 አምፔር። መስመር አትጎትት። 1 ሳንቲ ሜትር በይድ፣ ሌላ ጫፍ ሂድ፣ መጀመሪያው ሲቀዘቅዝ ተመለስ። ከሥሩ የመዳብ ቁራጭ ደግፍበት፤ ሙቀቱን ይጠጣል፣ ብየዳው አይጣበቅበትም። የኤሌክትሮዱን ቅርፊት እያንዳንዱን አራግፍ፤ በቅርፊት ላይ የተቀባ ቀለም ይፈነቀላል።

ለወለሉ ጠርዝ ግን ባለ ጥቅል ሽቦ ብየዳ መከራየት ይሻልሃል። በላይኛው ላሜራ ላይ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳ፣ በቀዳዳው የታችኛውን አቅልጠህ ሙላው። ፋብሪካው በነጥብ የሠራውን በዚህ ነው የምትተካው። ጋዝ ካላገኘህ ያለ ጋዝ የሚሠራ ሽቦ አለ፤ ይረጫል፣ ግን ይይዛል። መብራት ሲሄድ ብየዳህ አይበላሽም፤ መብራት ሲመጣ ግን ቮልቱ ስለሚዘል ማሽኑን አጥፍተህ ጠብቅ። ባትሪውም ከመኪናው ይለይ።

ሳጥኑ ሁለት ክፍተት አለው። ማሞቂያው የሚያልፍበት ቱቦ ከውስጥ በኢፖክሲ (ውኃ በማያሳልፍ የመሠረት ቀለም) ብቻ ይቀባ። ሰም ወይም ዘይት እዚያ ከረጨህ ሞተሩ ሲሞቅ ሽታው ቀጥታ ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው። በቱቦውና በሳጥኑ ግድግዳ መሐል ባለው ክፍተት ግን ሰም ጥሩ ነው። ከሥር ያሉትን የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች እንዳትዘጋ። ሳጥኑ ቀድሞ የበሰበሰው በተዘጉ ቀዳዳዎች ነውና።

ካንዴላ፦
ሞተሩ ላይ ልምጣ። ለማስነሣት አትቸኩል። 9 ዓመት የቆመ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቬንትላቶሩ (ማራገቢያው) ቤት ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም። ብዙ ጊዜ የአይጥ ጎጆ ነው፤ ጭድና ጨርቅ ሲሊንደሮቹ ክንፍ መሐል ገብቶ ይጠቀጠቃል። ሞተሩ ይነሣል፣ ያምራል፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ አውርደው።

አወራረዱ፦ ነዳጁን ዝጋ፣ የነዳጅ መስጫ ገመዱን፣ የማሞቂያ ቱቦዎቹንና ሽቦዎቹን ለይ። ከካምቢዮው ጋር በ4 ቦታ ነው የታሰረው፣ ሁለቱ ላይ ሁለቱ ታች፣ በ17 ቁልፍ። ክብደቱ 110 ኪሎ አካባቢ ነው። ክሪኩ ከሥሩ ይደገፍና ቀጥ ብሎ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሳብ፤ የፍሪሲዮኑ ዘንግ ሳይወጣ ወደ ታች አይወርድም። በዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ዘንጉም የፍሪሲዮኑ ዲስክም ይጣመማሉ። በቀጥታ ከሥር ለማውጣት የኋላዋ 90 ሳንቲ ሜትር መነሣት አለበት።

ከወረደ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ፑሌጃውን (ቀበቶው የሚዞርበትን ክብ ብረት) ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መግፋት ነው። ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሊንቀሳቀስ የሚገባው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ያ በእጅ አይታወቅም። «ቀጭ» የሚል ከሰማህ ካርተሩ (የሞተሩ ቤት) የብሮንዙ (የኮሎው ተሸካሚ) መቀመጫ ላይ ተበልቷል፣ ሙሉ ሥራ ነው፣ ወደ ሬቲፊካ (የሞተር መፍጫ ቤት) ይሄዳል። ካልሰማህ ዕድለኛ ነህ፤ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ሳትከፍት ልትጨርስ ትችላለህ።

ዘይቱን አፍስስ፣ የታችኛውን ክብ ክዳን ፈትተህ ወንፊቱን እጠብ። ሁለት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለው፣ አንዱ ከወንፊቱ በላይ፣ አንዱ በታች። 6ቱን ዳዶ በ7 ኒውተን ሜትር ብቻ እሰር፤ ጡንቻህን ካሳየኸው ካርተሩ ማግኒዥየም ነውና ጥርሱ ይወጣል። 2.5 ሊትር ዘይት ይበቃዋል፤ 3 አትጨምር።

ቫልቮቹን በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር አድርግ። አንደኛው ሲሊንደር ላይ ጀምረህ ፑሌጃውን ወደ ኋላ ግማሽ ግማሽ ዙር ስታዞር 1፣ 2፣ 3፣ 4 በተራ ይመጣሉ። (የሚተኮሰው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ስለሆነ ነው ወደ ኋላ የምትዞረው።) የ3ኛውን ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ክፍተቱን ጻፈው። በዚህ ዓመት ሞተር የዘይቱ ራዲያተር ቬንትላቶሩ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ 3ኛው የሚሄደው አየር በእሱ ላይ አልፎ ሞቆ ነው የሚደርሰው። ፋብሪካው ራዲያተሩን ከመንገድ ያወጣው በ1971 ሞዴል ላይ ነው። ክፍተቱ በየጊዜው እየጠበበ ከሄደ ቫልቩ እየተለጠጠ ነው፤ ማስተካከል አቁምና ቴስታታውን አውርድ። አንገቱ ከተቆረጠ ፒስተኑን ይዞ ነው የሚሄደው።

የፑንቲናው (የዲስትሪቢዩተሩ መገናኛ) ክፍተት 0.4፣ የካንዴላው (የሻማው) 0.7 ሚሊ ሜትር። ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ ለኤፍ ሞተር ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ። በአምፖል በቆመ ሞተር ይስተካከላል፣ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም።

ኮምፕረሽን ስትለካ ቁጥሩ አያስደንግጥህ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር በላይ ናት፤ መጽሐፉ የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው (ለሐይቁ ባሕር ዳር አላልኩም)። ንባቡ በአንድ አምስተኛ ያህል ይወርዳል። ዋናው በአራቱ መካከል ከ1 ባር በላይ ልዩነት አለመኖሩ ነው።

ካርቡራቶሩም በዚያው ነገር ይታወካል። አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ወደ 10 በመቶ ይበዛበታል። ማርሚታው ጥቁር ጥላሸት፣ ካንዴላው ጥቁር ደረቅ ይሆናል። ዋናው ጂግለር (የቤንዚን መመጠኛዋ ቀዳዳ) ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ 125 ከሆነ 117.5 ወይም 120 ሞክር። ከዚያ በታች ወርደህ ቤንዚን ልቆጥብ አትበል፤ ቀጭን (ቤንዚን ያነሰው) ድብልቅ ሞተሩን ያሞቃል፣ ይህ ሞተር ደግሞ የሚሞተው በሙቀት ነው። ቆላ ወርደህ ረጅም መንገድ የምትሄድ ከሆነ የመጀመሪያውን ጂግለር መሳቢያህ ውስጥ ያዝ። የጉልበቱን መቀነስ ግን ምንም አይመልሰውም፤ ከ40ው 32 አካባቢ ነው የሚቀርህ።

የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይር፤ ይህ ምርጫ የለውም። ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን የነሐስ ቱቦ በእጅህ ነቅንቃት፤ ከላላች አስጠብቃት። ሞተሩ በሚሞቅበት ቦታ ላይ ከወጣች ቤንዚኑ ለካንዴላዎቹ መብራት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ይፈስሳል። የቮልስ ቃጠሎ በብዛት ከዚያ ነው የሚነሣው። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑርህ፤ ማግኒዥየም ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል።

ፒያሳ_ታች፦
ጋሼ ካንዴላ፣ እዚህ ያለ መካኒክ «ሀገራችን ሞቃት ናት፣ ቴርሞስታቱንና በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎች አውጣቸው፣ ንፋስ ያገኛል» አለኝ። ግማሹ ቆርቆሮ የለም ቀድሞውኑ።

ካንዴላ፦
እንዳትሰማው። ይህ ሞተር ንፋስ የሚያገኘው ከመንገድ አይደለም፣ ከኋላ ነው ያለው። ቬንትላቶሩ አየሩን ይገፋል፣ ቆርቆሮዎቹ ወደ ክንፎቹ ይመሩታል። ቆርቆሮ ከሌለ አየሩ በቀላሉ መንገድ ይወጣል፣ ሲሊንደሩ ሥር አይደርስም። ከሁሉም የሚረሱት ከሲሊንደሮቹ በታች፣ በሁለቱ መሐል የሚገቡት ትንንሾቹ ናቸው። የጎደሉትን ከሳልቫታጆ (ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ) ፈልግ ወይም ከ0.8 ላሜራ አስቆርጥ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማም አዲስ ይሁን፤ ካልዘጋ ከማርሚታው የሞቀው አየር ተመልሶ ይመጠጣል።

ቴርሞስታቱ በ65 እና 70 ዲግሪ መሐል ይከፍታል። ሲበላሽ ራሱ ተለጥጦ በሮቹን ከፍቶ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ አያስፈራም። ግማሽ ተፈትቶ በሮቹ ተዘግተው ከቀሩ ግን ያኔ ነው የሚያቃጥል። ደግሞ ጎንደር በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሞቃት ናት ያለህ ማን ነው? ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሲሊንደሩን ያጥባል።

ቺንጋው (ቀበቶው) በአውራ ጣት ሲጫን 1.5 ሳንቲ ሜትር ይግባ። የሚስተካከለው በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ሮንዴላዎች በመቀነስ ወይም በመጨመር ነው፤ የተረፉትን ውጪ በኩል አብረህ እሰራቸው፣ አይጠፉም። ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ አታስጨንቀው፤ ወደ 3ኛ ውረድ። ሞተሩ በዘገየ ቁጥር ቬንትላቶሩም ይዘገያል። በመንገድ ላይ ሳለህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራት ከበራ ቺንጋው ሊሆን ይችላልና እዚያው ቁም።

ሊማሊሞ፦
ስለ ፍሬኑ ማንም አልተናገረም፤ የጎንደርን ቁልቁለት ረሳችሁ?

9 ዓመት የቆመ ፍሬን አይታደስም፣ ይቀየራል። ዋናው ፖምፓ፣ በአራቱ ጎማ ያሉት ትንንሽ ፖምፓዎች፣ 4ቱ ተጣጣፊ ጎማዎች። በተጣጣፊው ጎማ አትታለል፤ ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ያብጣል፣ ፍሬን ይዞ አይለቅም። የብረት ቱቦው ውፍረት 4.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛገ ካለ ይቀየር፣ በመዳብ ቱቦ አትቀጥለው፣ መዳብ በንዝረት ይሰነጠቃል። ዋናው ፖምፓ ሲገጠም በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከሌለ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው አይመለስም፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ፍሬኑ ራሱን ይይዛል።

አየር ማስወጣቱ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ከዚያ በፊት ጋናሻዎቹን (የፍሬን ሸራ ያለባቸውን ብረቶች) በማስተካከያ ኮከቦቹ እስኪይዙ አጥብቀህ 2 ወይም 3 ጥርስ መልስ፤ ጋናሻው ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው የፍሬን ቤት) ሲርቅ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ሰው አየር ነው ብሎ ዘይት ሲያፈስስ ይውላል። የፍሬን ዘይቱ ዶት 3 ወይም 4፣ የተከፈተ ጣሳ ከክረምት ወደ ክረምት አይቀመጥ፤ እርጥበት ይጠጣል።

ጎማዎቹም 9 ዓመት ቆመዋል፤ ጥርስ ቢኖራቸውም አይታመኑም። 5.60 በ15 ወይም 155 በ15። ንፋሱ ፊት 16፣ ኋላ 24 ፒኤስአይ ነው። ብዙ ጎሚስታ አራቱንም 30 ይሞላቸዋል፤ ፊቷ ቀላል ስለሆነች እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ፊት አክስሉ ላይ 4 የግሪስ ጡት አለ፤ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ነው ግሪስ የሚገባው።

ላሜራ_ማራኪ፦
አሁን ስለ ጥምቀት። ጥር 11 በአዲስ ቀለም አትደርስም፤ ለመድረስ ብለህ ከሮጥክ የምትበላሸው ቀለሙ ላይ ነው። ሳጥንና ወለል እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ሞተር በኅዳር፣ ፍሬንና ሽቦ በታኅሣሥ ቢያልቅ መልካም ነው። ለጥምቀት በኢፖክሲ ቀለሟ፣ በግራጫዋ ትውጣ። ነውር የለውም፤ እንዲያውም ሰው ሥራውን ያያል።

ግን ኢፖክሲ ይሁን፣ ሁለት ድርብ። ተራው መሠረት ቀለም እንደ ስፖንጅ ውኃ ያሳልፋል፤ በዝናብ የቆመ መኪና በሁለት ሳምንት ከሥሩ ይዝጋል። ብረቱን ባራቆትክ ቀን አሳድረህ አትተወው፤ ነሐሴና መስከረም ላይ በአንድ ሌሊት ቢጫ ይለብሳል። ስለዚህ ሙሉውን ቦዲ አታራቁት፤ አንድ ፓራፋንጎ ታራቁታለህ፣ ትቀባለህ፣ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለህ። ፓራፋንጎዎቹ በቡሎን የሚፈቱ ስለሆኑ ምቹ ነው። ስቱኮ በኢፖክሲው ላይ ይምጣ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ የብርጭቆ ወረቀቱ 80፣ 180፣ 320 ይሂድ።

የመጨረሻውን ቀለም ከጥምቀት በኋላ በጥርና በየካቲት ቀባ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፤ ቀደም ብሎ ጤዛው ብረቱ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ አቧራው ይነሣል። ወለሉን ውኃ አርከፍክፍበት። ባለ 50 ሊትሩ ኮምፕረሰር ለፓራፋንጎ ይበቃል፤ ለጣራው ግን በመሐል ግፊቱ ስለሚወርድ ቀለሙ ይሸካከራል፤ ተለቅ ያለ ተከራይ። ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ከሆነ የአቧራ ጭንብል ምንም አያደርግም። ውስጡ ያለው ኬሚካል ሳንባን ይጎዳል፤ ከውጭ አየር የሚያመጣ ጭንብል ከሌለህ ቀለሙን ለባለ ሙያ ስጠው።

ፒያሳ_ታች፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። 2 ካቫሌቶ ጨመርኩ፣ ቱቦውም ተቆርጧል። አንድ ብቻ፦ የኋላ ታምቡሩ ትልቁ ዳዶ አልፈታ አለ። መዶሻና ሹል ብረት አምጡ እያሉኝ ነው።

ሊማሊሞ፦
በሹል ብረት የተመታ ዳዶ ዳግመኛ በልክ አይታሰርም። 36 ቡሶላ (ክብ ቁልፍ) ግዛ፣ 1 ሜትር የውኃ ቱቦ አስገባበት። መኪናዋን መሬት አውርዳት፣ ጎማው ታስሮ፣ በማርሽ ሆና፣ ፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው። በክሪክ ላይ ሆና እንዳትሞክረው፤ ትወድቅብሃለች። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ) ማውጣትህን መጀመሪያ እይ፤ ብዙ ሰው እሱን ረስቶ ነው የሚታገለው።

ስትመልሰው 300 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ከሌለህ በዚያው 1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ አንጠልጥል። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት አጥብቀህ አግጥመው እንጂ አታላላው። 50 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ፣ አዘዞ ሁለት ጊዜ ደርሰህ ስትመለስ ማለት ነው፣ ኮፒሊያውን አውጥተህ እንደገና በዚያው ክብደት ሞክረው። ከላላ የታምቡሩ ጥርስ ተበልቷል፤ ታምቡሩን ቀይር።